የቢል ክፍያ ድሮና ዘንድሮ፦ ለሁሉ፣ ባንክ፣ ስልክ (ረዘም ያለ ሪቪው ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት)

ዛሬ ቢል ለመክፈል ለሁሉ (የመብራት፣ የውሃና የስልክ ቢል በአንድ መስኮት ይከፈልበት የነበረው የአዲስ አበባ ማዕከል) የሚሄድ ሰው የለም፣ የቀረ ሰርቪስ ላይ ሪቪው መጻፍ ምን ይሰራል የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ ግን መንግስትና የግል ድርጅት አንድ ላይ ሆነው ቴክኖሎጂን ለተራው ሰው ያደረሱበትን ነገር ጥቀስ ብባል ቀድሞ የሚመጣልኝ እሱ ነው፣ እና አሁን በስልክ የምንከፍለውን ነገር ጥሩ ነው መጥፎ ነው ለማለት ከሱ ጋር ካላስተያየነው ፍርዱ ጎዶሎ ይሆናል ብዬ ነው።

ከ2005 በፊት አዲስ አበባ ላይ ቢል መክፈል ምን ማለት እንደነበር የማታውቁ ልጆች ካላችሁ፣ መብራት ለብቻ፣ ውሃ ለብቻ፣ ስልክ ለብቻ ነበር። ሶስት መስሪያ ቤት፣ ሶስት ሰልፍ፣ ሶስት ደረሰኝ። ያውም በየሰፈርህ የተመደበልህ ቦታ ሄደህ። ስራ ያለው ሰው ወይ ከስራ ያስፈቅዳል ወይ ዘበኛውን ይልካል ወይ ያን ቀን ትምህርት ቤት የማይሄደውን ልጅ ብሩንና ቢሉን በፌስታል ጠቅልሎ ይሰጠዋል፣ ልጁ እስኪመለስ ድረስ ብሩ ይጥፋ አይጥፋ እያሉ መጨነቅ ደግሞ ሌላ ነው። ያኔ "ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ" የሚባለው ነገር በዜና የሚሰማ ነበር እንጂ የቤት እመቤቷ ጋ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ለሁሉ በ2005 ስራ ሲጀምር ሀሳቡ ቀላል ነበር። ክፍያ ፋይናንሻል ቴክኖሎጂ የሚባል የግል ኩባንያ (ሙኒር ዱሪ የመሰረተው) ያኔ ከነበረው የመገናኛና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ጋር ተስማማ፣ ኩባንያው ሲስተሙን፣ ቢሮውንና ሰራተኛውን ያቀርባል፣ መብራት፣ ውሃና ቴሌ ደግሞ የደንበኛ ሂሳባቸውን ለሲስተሙ ይከፍታሉ፣ ኩባንያው በሰበሰበው ቢል ልክ የአገልግሎት ክፍያውን ያገኛል። በቃ። ከ30 በላይ ማዕከል በከተማው ውስጥ ተከፈተ፣ የቦሌ ሰው ፒያሳ ላይ መክፈል ቻለ፣ ይሄ አሁን ምንም ላይመስላችሁ ይችላል ያኔ ግን ጉድ ነበር። ቁጥርህን ትሰጣለህ፣ ካሸሯ ኮምፒውተሩ ላይ ትመታዋለች፣ የመብራቱም የውሃውም ይመጣል፣ አንዴ ከፍለህ ደረሰኝህን ይዘህ ትወጣለህ። እኔ በጣም የወደድኩት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ተገልጋይ መሆኔን። መንግስት መስሪያ ቤት ስንሄድ ለማኝ የሆንን ያህል ነበር የሚሰማን፣ እዛ ግን ልጆቹ ቀና ብለው ያዩሃል፣ "ሌላ የሚከፍሉት አለ?" ይሉሃል። የግሉ ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው አንተ ስትከፍል ስለሆነ አንተን ቶሎ መሸኘት ጥቅሙ ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፣ የመንግስትና የግል አጋርነት አዋጅ (ቁጥር 1076) የወጣው በ2010 ነው። ማለትም ለሁሉ አምስት ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው የገባው፣ ህጉ ሳይመጣ። እንዲህ ያለ ስምምነት ማን ያጸድቀዋል፣ ሲያልቅስ ምን ይሆናል፣ ደንበኛውን ማን ያሳውቃል የሚለውን የሚያስር ራሱን የቻለ አዋጅ በሌለበት ነው የተሰራው። ደፋሮች ነበሩ ማለት ነው። በኔ ግምት የኋላውም ነገር እዚሁ ላይ ነው የተበላሸው።

ጉድለት አልነበረውም ልል አይደለም። ሁሉም ነገር በጥሬ ብር ነበር፣ ሰውየው ከቤቱ መነሳቱ አልቀረም፣ ሶስቱ ሰልፍ አንድ ሰልፍ ሆነ እንጂ ሰልፍ አልጠፋም። ቆጣሪ አንባቢው ቤትህ ሳይመጣ በግምት ከጻፈብህ ደግሞ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ምንም ማድረግ አትችልም፣ እሷ የተላከላትን ቁጥር ነው የምትሰበስበው፣ ለቅሬታ ያው መስሪያ ቤቱ ጋ ነው የምትሄደው። የአጋርነቱ ድንበር እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የግሉ ወገን የተሰጠው ገንዘብ መቀበሉን ብቻ ነው፣ ውስጡ ያለው የድሮ አሰራር እዛው ቁጭ ብሏል፣ ሮጦ ሮጦ ከዛ ግድግዳ ጋር ነው የሚጋጨው። በዛ ላይ አዲስ አበባ ብቻ፣ ጎንደር ወይ ጅማ ላለ ሰው ለሁሉ የሚለው ስም ቀልድ ነበር።

ከዛ 2011 አካባቢ የመብራቱ ክፍያ ወደ ንግድ ባንክ ዞረ፣ የቀረውም ቀስ በቀስ ወደ ባንክና ወደ ስልክ ሄደ። ለዚህ ምክንያት የለውም አልልም፣ ንግድ ባንክ ያኔ በመላ አገሪቱ ከ1,000 በላይ ቅርንጫፍ ነበረው፣ ከአንድ ከተማ መስኮት ጋር ሊወዳደር አይችልም፣ ከአካውንት በቀጥታ መክፈልም መጣ። ግን የባንክ መስኮት ለቢል ተብሎ የተሰራ አይደለም፣ ሚሊዮን የሚያስገባ ነጋዴና የ87 ብር የውሃ ቢል የያዙ እማማ አንድ ወረፋ ላይ ሲቆሙ ሁለቱም ናቸው የሚናደዱት። እኔን ያናደደኝ ግን እሱ አይደለም። ስድስት ዓመት ገደማ ሰውን አስለምደህ አንድ ቀን ወደዛ ሂዱ ስትል ለደንበኛው የሚገባ ማብራሪያ ያስፈልጋል፣ ሰራተኛው ምን ሆነ፣ የተዘረጋው ነገር ለምን ለሌላ አገልግሎት አልዋለም? በኛ ሰፈር ሰው ያወቀው ሄዶ በሩ ሲዘጋበት ነው። ስምምነቱን የፈረሙት ሁለት ወገኖች ናቸው፣ ሶስተኛው ወገን እኛ ነን፣ እኛን ግን ማንም አልጠየቀንም።

እሺ ስልኩስ? የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ መጣ፣ ለኔ የመጀመሪያው ለውጥ ሌሊት አልጋ ላይ ተኝቼ የውሃ ቢል መክፈሌ ነው፣ አምስት ኮከብ፣ አልከራከርም። ስማርት ስልክ ለሌለው በ*127# መጠቀም መቻሉ ደግሞ ብዙ ሰው የማያደንቀው ነገር ነው፣ ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን አፕ ይዞ የሚፎክረው ሁላ ወደዛች ኮድ ነው የሚሮጠው። በዚህ መሀል የኬንያው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም ገባ፣ እሱና አጋሮቹ ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው መስከረም 2015 ላይ በይፋ ስራ ጀመሩ፣ የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱ ኤምፔሳ ደግሞ ለብቻው 150 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎበት ነሐሴ 2015 ላይ ተከተለ። ይሄ ከለሁሉ የተለየ ጨዋታ ነው፣ እዛ መንግስት ስራውን ለግል ሰው አሳልፎ ሰጠ፣ እዚህ መንግስት ፈቃድ ሸጦ ራሱም በኢትዮ ቴሌኮም በኩል እየተወዳደረ ነው፣ እየተወዳደረም መሠረተ ልማት ያከራየዋል። ተጫዋችም የሜዳው ባለቤትም ሆኖ ማለት ነው። እንደ ተጠቃሚ ግን አልከፋኝም፣ የዳታ ጥቅል ላይ ፉክክሩ እንደጠቀመኝ ኪሴ ያውቃል።

ስልኩ ላይ የማማርረው አንድ ትልቅ ነገር አለኝ፣ ገንዘቡ መሀል ላይ ሲቀር ባለቤት የለውም። አንዱ የክፍያ አፕ (ስሙን ልተወው፣ ሁሉም ጋ ያጋጥማል) የመብራት ሂሳቤን ከአካውንቴ ቆርጦ ቢሉ ግን "አልተከፈለም" ብሎ ቀረ። ስደውል "ከኛ ወጥቷል፣ መስሪያ ቤቱን ጠይቅ"፣ መስሪያ ቤቱ "አልደረሰንም፣ የከፈልክበትን ጠይቅ"፣ መልሼ ስደውል ደግሞ መስመሩ ላይ ሙዚቃ። በመጨረሻ ተመልሷል፣ ግን እስኪመለስ መብራቱ እንዳይቆረጥ ሁለተኛ ጊዜ ከፈልኩ። ሶስት ድርጅት የተሳሰረበት ሲስተም ላይ ስህተት ሲፈጠር ማን በስንት ሰዓት ውስጥ ይመልሳል የሚለው ተጽፎ ለደንበኛው መነገር አለበት፣ ውላቸው ውስጥ ካለ እኛ አላየነውም። መስኮት ላይ ቢሆን የምትጨቃጨቀው ሰው ፊት ለፊትህ አለ፣ ቢያንስ "ስራ አስኪያጁን ጥሩልኝ" ትላለህ።

ሁለተኛው የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ነው። ጎረቤታችን እማማ ስልክ አላቸው ግን ፒን የሚባለው ነገር አይገባቸውም፣ ወር በመጣ ቁጥር ሱቁ ልጅ ጋ ይሄዳሉ፣ ፒኑንም ስልኩንም ብሩንም ለሱ። ልጁ ጨዋ ነው እግዜር ይስጠው፣ ባይሆንስ? ሩዋንዳ ውስጥ ኢሬምቦ የሚባል የመንግስት አገልግሎት መድረክ አለ፣ እሱም የግል ኩባንያ ከመንግስት ጋር ተስማምቶ ከ2015 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ነው፣ እና ኦንላይን ነው ብለው ሰውን አልተዉትም፣ በየሰፈሩ ኤጀንት አለ፣ ራሱ መሙላት የማይችለው ሰው እዛ ሄዶ ያስሞላል። የኛ ሱቅ ልጅ ያንኑ ስራ ነው የሚሰራው፣ ግን ያለ ፈቃድ፣ ያለ ስልጠና፣ ያለ ተጠያቂነት። ለሁሉ ውስጥ ሰልጥነው የነበሩት ካሸሮች ለዚህ ስራ እንዴት በሆኑ ነበር።

የሚገርመው ሚያዝያ 2017 ላይ መሶብ የሚባለው የመንግስት አገልግሎት ማዕከል ተከፈተ፣ በአንድ ጣሪያ ስር ብዙ መስሪያ ቤት፣ ሰው ሁሉ አዲስ ነገር ብሎ ፎቶ እየተነሳበት ነው። ቤቱ ያምራል፣ ይበል። የአንድ መስኮት ነገር ግን ከዛ 12 ዓመት በፊት በለሁሉ በአነስተኛ ቢሮዎች ተሞክሮ ነበር፣ ያውም በግል ገንዘብ። ለሁሉን ያቋቋመው ክፍያ የሚባለው ኩባንያ አሁንም አለ፣ ከኦሮሚያ ህብረት ስራ ባንክ ጋር ሚቹ የሚባለውን ያለ መያዣ ብድር ቴክኖሎጂውን የሚሰራው እሱ ነው፣ ስለዚህ ሰዎቹ ቢል ቢወሰድባቸውም ሌላ ስራ አላጡም። ያጣነው እኛ ነን፣ መስኮቷን።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለሁሉ በዘመኑ 4፣ አንዱን የቀነስኩት ከአዲስ አበባ ስላልወጣና አወጣጡ ስላላማረኝ ነው። የባንክ መስኮት ለቢል 2። ስልክ ሲሰራ 5፣ ሲበላሽ ዜሮ፣ አማካዩን እናንተ አውጡት። ለሌላ ሰው ቤት ስትከፍሉ ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን የደንበኛ ስም ሳታነቡ እሺን አትጫኑ፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ ቢያንስ ቀጣዩ ወር ቢል እስኪመጣ አታጥፉት፣ ስትደውሉ ቀድመው የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።