ሰማያዊ እንጆሪ፣ ሳፍሮን፣ ድራጎን ፍሩት እያሉ በቴሌግራም ዘር ለሚሸጡ ሰዎች ብር እንዳትልኩ

ሰላም ወገኖች፣ ጓሮ ያላችሁ፣ በረንዳ ላይ በባልዲም በአሮጌ ጎማም የምትተክሉ ሁሉ እባካችሁ እስከመጨረሻው አንብቡልኝ። ቲክቶክ ላይ አይቼው ቴሌግራም ቻናሉ ውስጥ የገባሁት የዘር ሻጭ 3,400 ብር በልቶኛል። ብሩም ብር ነው፣ ግን ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ክረምቱ ነው፣ ለሱ ዘር ብዬ መደቤን ባዶ አድርጌ ጠብቄ አንድ ሙሉ የዝናብ ወቅት በከንቱ አለፈኝ።

ከማድ ቤታችን ጀርባ አራት ሜትር በሦስት የምትሆን ቦታ አለችኝ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ በሶብላ፣ ጤና አዳም ከዛች ቦታ ጠፍቶ አያውቅም። የሌማት ትሩፋት ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ጓሮውን እየቆፈረ ነውና እኔም ዘንድሮ ለልጆቼ ለየት ያለ ነገር ልትከልላቸው ብዬ ጓጓሁ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አዘዝኩ፣ ሰማያዊ እንጆሪ 50 ፍሬ ዘር በ600 ብር፣ ሳፍሮን (ከአበባ የሚለቀመው ውድ ቅመም) 30 ፍሬ በ900፣ ጥቁር ቲማቲም በ200፣ አንድ የድራጎን ፍሩት ችግኝ በ1,500፣ ዴሊቨሪ 200። ቅድሚያ ክፍያ ነው አለኝ፣ በቴሌብር ላክሁ። «እህቴ አትጨነቂ፣ ለአዲስ አበባ አየር የተስማማ ነው፣ በስድስት ወር ፍሬ ትበያለሽ» የሚል ቮይስ ላከልኝ፣ ቮይሱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ።

ዕቃው የመጣው የሰኔ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። ትንንሽ ዚፕ ያላቸው ፕላስቲኮች፣ ላያቸው ላይ በፕሪንተር የወጣ ፎቶ ተለጥፏል፣ በቃ ሌላ ምንም የለም። የዝርያው ስም የለ፣ የታሸገበት ቀን የለ፣ ያስመጣው ድርጅት የለ፣ ከመቶው ስንቱ እንደሚበቅል የሚል ቁጥር የለ። እዚሁ ላይ መንቃት ነበረብኝ።

እማዬ እኛ ጋ ነበረች። ሳፍሮን የተባለውን ከፍታ መዳፏ ላይ አፈሰሰችው፣ አንዷን ፍሬ አንስታ በጥርሷ ቀጨም አደረገቻትና «ልጄ ይሄማ ሱፍ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። ተነስታ ለጾም ያስቀመጠችውን ሱፍ ከማድ ቤት አመጣችና ሰፌድ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገችው፣ ያው ነጭ፣ ያው የሚያብረቀርቅ፣ ያው በአንድ በኩል ሾል ያለ፣ ቢቀላቀል መለየት አይቻልም። የምንቆላውን፣ የምንወቅጠውን፣ አጥልለን በእንጀራ የምንፈተፍተውን ሱፍ በፍሬ 30 ብር ሂሳብ ገዝቼ ነው። ለማረጋገጥ አራቱን ተከልኳቸው፣ ቅጠላቸው ጠርዙ እሾሃም ሆኖ ወጣ፣ የሱፍ ቅጠል።

ከዛ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት፣ ግብርና የተማረ የአክስቴን ልጅም ጠየቅሁት። ሳፍሮን ጭራሽ ዘር የለውም! አበባው መካን ነው፣ ፍሬ አይዝም። የሚራባው መሬት ውስጥ ባለው እንደ ትንሽ ሽንኩርት በሚመስለው ሥሩ ብቻ ነው፣ ኢራን ውስጥም (የዓለምን አብዛኛውን ሳፍሮን የምታመርተው እሷ ናት) ገበሬው የሚተክለው እሱን ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፣ መሃሉ ላይ ሦስት ቀይ ክሮች አሉት፣ የሚለቀሙትም እነሱ ናቸው፣ አንድ ግራም ደረቅ ሳፍሮን ለማግኘት 150 ገደማ አበባ ይለቀማል። ስለዚህ ማንም ሰው «የሳፍሮን ዘር» ካላችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልጋችሁም፣ ውሸት ነው። የዚህ የምንበላው ሱፍ ተክል አበባው ብጫና ብርቱካንማ ስለሆነ በሌላው ዓለም ገበያም በሳፍሮን ስም እየተሸጠ ሰው ሲታለልበት የኖረ ነገር ነው፣ እኛ ግን ሱፍን ከሕፃንነታችን እያወቅነው በሱፍ ስንታለል ያሳዝናል።

እንጆሪው ደግሞ የባሰ ነው። በእንቁላል ካርቶን ውስጥ ኮምፖስት አድርጌ ዘራሁት፣ ትንሿ ልጄ ጠዋት ጠዋት በሻይ ማንኪያ ታጠጣው ነበር። በአምስተኛው ቀን ሁሉም በቀለ! ደስታችንን ልነግራችሁ አልችልም፣ ልጄ ጎረቤት ሁሉ ጠርታ አሳየች። የእንጆሪ ዘር ግን በአምስት ቀን አይበቅልም፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፣ ከዛም በላይ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ የወጡትን ሁለት ቅጠሎች ጎንበስ ብዬ ሳያቸው መሃላቸው ገባ ያለ የልብ ቅርፅ አላቸው። ጎመን ዘርቶ የሚያውቅ ሰው ይሄን ቅርፅ አይስተውም። ዘሩን መለስ ብዬ ሳየውም ድቡልቡል ጥቁር ነው፣ የእንጆሪ ዘር ደግሞ እንጆሪው ላይ ከላይ ተለጥፋ የምናያት ያቺ ቡናማ ጠብታ መሳይ ናት። ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ስልክለት «መጀመሪያ ቅጠሉ እንደዚህ ነው፣ በኋላ ይቀየራል» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጎመን መሆኑን ልጄም አወቀችው። መልሼ ስጽፍለት ብሎክ አደረገኝ።

እና ደግሞ ልብ በሉ፣ ሰማያዊ እንጆሪ የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። የትም። ፎቶው በኮምፒውተር ቀለሙ የተቀየረ ቀይ እንጆሪ ነው፣ ይሄው ፎቶ በብዙ አገር ሰው ሲሸወድበት የቆየ ነው። እውነተኛውን ቀይ እንጆሪ ራሱ ሰው በአብዛኛው በዘር አያባዛውም፣ እናትየው መሬት ለመሬት በምትዘረጋት ክር መሳይ ግንድ ላይ ልጅ ታወጣለች፣ እሷ ሥር ስትይዝ ተቆርጣ ትተከላለች። እንጆሪ የምትፈልጉ ካላችሁ ሥር የያዘ ልጅ ተክል በዓይናችሁ አይታችሁ ግዙ፣ አዲስ አበባ ላይ በደንብ ይሆናል።

ድራጎን ፍሩቱ ማሰሮው ውስጥ ሲመጣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አረንጓዴ፣ የሚያምር ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ዘመም አለ፣ ላቃናው ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ቀረ። ሥር የሚባል የለውም! በዛው ሰሞን ተቆርጦ አፈር ውስጥ የተሰካ ቁራጭ ነው፣ ከታች መበስበስ ጀምሮ ውሃ ውሃ ብሏል። ተክሉ የበለስ ዘመድ ነው (ያ እሾሃሙ በለስ)፣ ውሃ ከሥሩ ሲቆም ይበሰብሳል፣ ሻጩ ግን በየቀኑ አጠጪው ብሎኝ ነበር። በቁራጭ መትከሉ በራሱ ጥፋት የለውም፣ ትክክለኛው መንገድም እሱ ነው፣ ግን ከቁራጭ ቢተከል ፍሬ እስኪሰጥ ቢፈጥን ቢፈጥን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል፣ ከዘር ከሆነ ደግሞ ብዙ ዓመት ነው። በስድስት ወር ያለኝ ግን ከየት አምጥቶት ነው? በዛ ላይ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነ ሙቀት ወዳድ ተክል ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ሆና የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ብርድ እናውቀዋለን። አበባው የሚከፈተው በሌሊት ነው፣ ለአንድ ሌሊት፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች ደግሞ ከሌላ ዓይነት ድራጎን ፍሩት የአበባ ዱቄት ካላገኙ ፍሬ አይዙም። አንድ ችግኝ ብቻ ሲሸጥልኝ ይሄን አንዱንም አልነገረኝም።

ጥቁር ቲማቲሙ ላይ ፍትሐዊ ልሁን፣ እሱ ነገር በእውነት አለ። ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2012 (በፈረንጅ) ኢንዲጎ ሮዝ የሚባል ልጡ ወደ ጥቁር የሚሄድ ሐምራዊ ዝርያ አውጥቷል፣ የሚጠቁረው ፀሐይ ያገኘው ልጡ ነው እንጂ ውስጡ ቀይ ነው። ሐምራዊ ካሮትም እውነት ነው። ስለዚህ ለየት ያለ ነገር ሁሉ ውሸት ነው አልልም፣ እውነተኛ ነገር ከውሸቱ ጋር ስለሚቀላቀል ነው እኔም የተሸወድኩት። የኔዎቹ ቲማቲሞች ክረምቱን በበሽታ አልቀው ከሁለት እግር በስተቀር የቀረ የለም፣ ትናንት የመጀመሪያዋ ደረሰች፣ ቀይ ናት፣ ከገበያ የምንገዛት ቀይ ቲማቲም።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ «ይሄ ተክል የሚራባው በምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በዘር ነው፣ በቁራጭ ነው፣ በሥር ነው። ከዛ ራሳችሁ አረጋግጡ። የራሱን ተክል ዛሬ የተነሳ ቪዲዮ ላክልኝ በሉት፣ ስማችሁን ወረቀት ላይ ጽፎ አጠገቡ ያስቀምጥ፣ ያለው ሰው ለዚህ አይቸገርም። ችግኝ ከሆነ ሄዳችሁ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጉት፣ ሥር የያዘ ችግኝ በዋዛ አይነቀልም። አየሩንና አፈሩን ደግሞ አትርሱ፣ ብሉቤሪም (ትንንሽ ሰማያዊ ፍሬ ያለው ቁጥቋጦ፣ ከሰማያዊ እንጆሪው ጋር አታምታቱት) እየተሸጠ ነው አሉ፣ ብሉቤሪ በጣም አሲዳማ አፈር ነው የሚፈልገው፣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ4.5 እስከ 5.5፣ አፈራችሁ እንደዛ ካልሆነ እውነተኛ ችግኝ ቢመጣላችሁም ቅጠሉ እየገረጣ ይደክማል። ከምንም በላይ ግን ሳታዩ ቅድሚያ አትክፈሉ።

ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዘር በእጃችሁ ካለ ደግሞ ጓሮ ውስጥ አትበትኑት፣ ቆሻሻ ላይም አትጣሉት፣ አቃጥሉት። በ2020 (በፈረንጅ) አሜሪካ ውስጥ ሰዎች ያላዘዙት ዘር ከቻይና በፖስታ ሲመጣላቸው የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት አትትከሉ፣ ላኩልን ብሎ ነበር። ነገሩ ቀልድ አይደለም። እምቦጭ አበባው ስለሚያምር ነው ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን የዞረው፣ ጣና ላይ ከታየ ከ2011 (በፈረንጅ) ወዲህ የሆነውን ደግሞ ሁላችንም አይተናል፣ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል።

እኔ ፕላስቲኮቹን፣ ቮይሱን፣ የቴሌብር ደረሰኙንና ስክሪንሾቶቹን ሁሉ አስቀምጫለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፣ እኔ ያገኘሁት ደግሞ ጎመን ላይ የተለጠፈ የእንጆሪ ፎቶ ነው። ብቻዬን ከምሄድ ብዙ ሆነን ብንሄድ ይሻላል፣ ያው ሰማያዊ እንጆሪ ፎቶ ያለበት ፕላስቲክ የመጣላችሁ ካላችሁ አትጣሉት፣ የከፈላችሁበትን ደረሰኝም አታጥፉ፣ እዚሁ ከሥር ጻፉልኝና ቀን ቆርጠን አብረን ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን።