የእንጨት ምድጃ የበር መስታወት፦ ሮባክስና አብረውት የሚሸጡ ዕቃዎች

በጀርመን ቤቱን በእንጨት ምድጃ የሚያሞቅ ሰው ከምድጃው ክፍሎች ሁሉ በቀላሉ የሚሰበርበት የበሩ መስታወት ነው። የእኔ ምድጃ የቀድሞ መስታወት ብሎኑ ከልክ በላይ ተጠብቆ በመገጠሙ ጥጉ ላይ ስለተሰነጠቀ፣ መቀመጫውን ማይንዝ ያደረገው የሾት ኩባንያ የሚያመርተውን ሮባክስ የተባለ የሴራሚክ መስታወት በልኩ አስቆርጬ ተክቼዋለሁ። ክረምቱን ከተጠቀምኩበት በኋላ፣ መስታወቱ ያለ ጥርጥር ገንዘቡን የሚያወጣ ሲሆን፣ እሱን ለመጠበቅ ተብለው ከሚሸጡት ዕቃዎች ግን ግማሾቹ አስፈላጊ አይደሉም እላለሁ።

የሮባክስ ትልቁ ጥቅም በሙቀት ምክንያት የማይለጠጥ መሆኑ ነው ማለት ይቻላል። አምራቹ እስከ 760 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት እንደሚችል ይገልጻል፤ ስለማይለጠጥም በሩ ሲከፈት የሚገባው ቀዝቃዛ አየር አይሰነጥቀውም፤ ተራ የመስኮት መስታወት ግን በዚህ ቦታ ላይ ጨርሶ ሊገባ አይገባም። ይህ ሁሉ ጥንካሬ ግን ከምትና ከጫና አያድነውም። ረጅም ፍልጥ ወደ ውስጥ ሳይገባ በሩን ገፍቶ መዝጋት፣ ወይም ብረቱ መስታወቱን በቀጥታ እንዲነካው ማድረግ፣ ከየትኛውም እሳት የበለጠ ጉዳት ያደርሳል።

ስለዚህ ከተጓዳኝ ዕቃዎቹ ውስጥ ቅድሚያ የምሰጠው ለጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም ክፍተቱን ለሚደፍነው ማሸጊያ ነው። በመስታወቱና በብረቱ መካከል የሚለጠፈው ጠፍጣፋ የፋይበር ጥብጣብና በበሩ ዙሪያ የሚገባው ክብ ገመድ ዋጋቸው አነስተኛ ቢሆንም፣ መስታወቱን ከጫና የሚያድኑት እነሱ ናቸው። ምድጃው በቀዘቀዘበት ጊዜ በሩን በወረቀት ላይ ዘግቶ ወረቀቱን መሳብ የገመዱን ሁኔታ ያሳያል፤ ያለ ምንም ችግር ከወጣ ገመዱ አልቋል ማለት ነው። ከሚገባው በላይ ወፍራም ገመድ ደግሞ በሩን ስለሚወጥረው፣ ውፍረቱ የምድጃው መመሪያ እንደሚያዘው መሆን አለበት።

ጥላሸትን በተመለከተ ችግሩ የሚመነጨው ከመስታወቱ ሳይሆን ከአነዳዱ ነው። ዘመናዊ ምድጃዎች የሞቀ አየር ከላይ ወደ ታች በመስታወቱ ገጽ ላይ እያወረዱ ጭሱን ያርቁታል፤ ይህ የሚሠራው ግን እንጨቱ ደረቅ፣ እሳቱም ብርቱ ሲሆን ብቻ ነው። የጀርመን ሕግም ከደረቅ ክብደቱ አንጻር ሲሰላ እርጥበቱ 25 በመቶ የደረሰ እንጨት እንዳይነድ ይከለክላል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲያምቅ አየሩን ዘግቶ የሚተኛ ሰው፣ ጠዋት ቅጥራን የተለቀለቀ መስታወት ቢያገኝ ሊገረም አይገባውም። ቀለም የተቀባ ወይም በኬሚካል የታከመ እንጨት የከፋ ነው፤ ጢሱ መስታወቱን በልቶ ምንም ማጽጃ የማያስለቅቀው ነጭ ጭጋግ ሊተውበት ይችላል።

በጠርሙስ የሚሸጠው የሚረጭ ማጽጃ ጥላሸቱን ያነሳል፤ ነገር ግን ወደ ታች ወርዶ ጓርኒሲዮኑን ያደርቀዋል፣ ኃይለኛ የሆነው ደግሞ የበሩን ቀለም ይልጠዋል። እኔ የምመርጠው በቀዘቀዘ መስታወት ላይ እርጥብ ጋዜጣ በተነፋ አመድ ነክሮ መፈተግን ነው፤ አገር ቤት ድስት በአመድ ሲፈተግ ያየ ሰው ለዚህ ምክር የሚሆን ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። አመዱ ግን በደንብ መነፋት አለበት፤ በውስጡ የቀረ ጠጠር መስታወቱን ይጭረዋል።

አዲስ መስታወት የሚያዝ ሰው የተሰበረውን ልክ እንዳለ ከመስጠት ይልቅ፣ ክፈፉን ራሱን ለክቶ በየጎኑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢያስቀር ይሻላል፤ ሲሞቅ የሚለጠጠው ብረቱ እንጂ መስታወቱ አይደለምና። ብሎኖቹንም በመፍቻ ሳይሆን በጣት ጀምሮ፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ፣ መስታወቱ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ድረስ ብቻ ማጥበቅ ይበቃል።