ግሪን ካርዴን ስመልስ የከፈልኩባቸው ሁለት አገልግሎቶች

ግሪን ካርዴን የመለስኩት በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ላይ ነው። ለዚህ ጉዳይ ሁለት ቦታ ከፈልኩ። አንዱ በኢንተርኔት ቅጽ የሚሞላ ድርጅት ነው፣ ሌላዋ ጠበቃ ናት። ስማቸውን አልጠራም። ግን ውጭ እየተማረ "ካርዴን ምን ላድርገው?" እያለ የሚብሰለሰል ሰው ብዙ ስለሆነ የትኛው ብር እንደቆጨኝ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን። በ2018 በዲቪ አሜሪካ ገባሁ። በ2021 ጀርመን ለዶክትሬት ተቀበሉኝ። ከመውጣቴ በፊት ሪኢንትሪ ፐርሚት፣ ማለትም ውጭ ረጅም ጊዜ ቆይቶ ለመመለስ የሚያስችል ፈቃድ፣ አወጣሁ፣ ይህን በማድረጌ ዛሬም ደስ ይለኛል። አይ-131 በሚባለው ቅጽ ነው የሚጠየቀው። ስታመለክቱ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለባችሁ፣ አሻራም ትሰጣላችሁ። የሚያገለግለው እስከ ሁለት ዓመት ነው። አይታደስም፣ ከፈለጋችሁ ተመልሳችሁ ገብታችሁ አዲስ ትጠይቃላችሁ። ያለ እሱ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ከቆያችሁ ካርዱ ብቻውን መግቢያ አይሆናችሁም። እኔ በ2023 ፐርሚቱ ሳያልቅ ለአስር ቀን ገብቼ ወጣሁ። አዲስ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም። ትምህርቱም አላለቀም። በ2024 መኸር ላይ ያለ ፐርሚት አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር፣ ጀርመን ውስጥም የምወደው ሥራ ቀረበልኝ። ያኔ ወሰንኩ።

ቤተሰብ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ። እህቴ "ስንቱ የሚጾምለትን ነገር?" ብላ ሁለት ሳምንት አኮረፈችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔም ቀላል አልነበረም።

ወደ ድርጅቱ ልምጣ። 280 ዶላር ከፈልኩ። በሁለት ቀን ውስጥ አይ-407 የሚባለውን ካርድ የመመለሻ ቅጽ ሞልተው ላኩልኝ። ፈጣን ናቸው፣ ይህን አልክድም። ነገር ግን መጨረሻ ከአሜሪካ የወጣሁበትን ቀን 2021 ብለው ጽፈውታል፣ የ2023ቱን ጉዞ በመልእክት ነግሬያቸው ሳለ። ከዚያ በላይ የከፋኝ ደግሞ ምንም አለመጠየቃቸው ነው። ትዳር አለሽ? ግብር ከፍለሻል? ስንት ዓመት ያዝሽው? ምንም። ቅጹ ራሱ ማስገቢያ ክፍያ የለውም፣ አጭር ነው፣ ማንም በራሱ ሊሞላው ይችላል። እኔ 280 ዶላር የከፈልኩት የተሳሳተ ቀን ለማስጻፍ ነው።

ቀኑን ሳይ ደነገጥኩና ጠበቃ ፈለግሁ። አማርኛ ተናጋሪ ናት። ለአንድ ሰዓት 200 ዶላር። ገና ሰላም እንዳልን "ካርዱን መቼ ያዝሽው? ወሩን ሳይሆን ዓመቱን ንገሪኝ" አለችኝ። 2018 አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። "ይህ ሰባተኛ ዓመትሽ ነው። የፈረንጆቹ ጥር ከገባ ስምንተኛ ይሆናል" አለች።

አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፉት 15 ዓመታት በ8ቱ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው በአሜሪካ የግብር ሕግ የረጅም ጊዜ ነዋሪ ይባላል፣ ካርዱን ሲመልስ ደግሞ ዜግነቱን እንደሚተው ሰው ነው የሚታየው። ከዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ብትይዙት አንድ ዓመት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። ያኔ 8854 የሚባል የግብር ቅጽ ይመጣል፣ ያለፉትን 5 ዓመታት ግብር በትክክል ማሳወቃችሁን ፈርማችሁ ታረጋግጣላችሁ። ይህን ማረጋገጥ ያልቻለ ሰው ሀብታም ባይሆንም የመውጫ ግብር፣ ማለትም ነዋሪነቱን ሲተው በንብረቱ ላይ የሚታሰብ ግብር፣ ሕግ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እኔ ደግሞ የሁለት ዓመት አላሳወቅሁም ነበር! ጀርመን እየከፈልኩ ስለሆነ አሜሪካ አይመለከተኝም ብዬ። ስህተት ነው። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው የትም ያግኘው ገቢውን ለአሜሪካ ማሳወቅ አለበት፣ የሚከፍለው ባይኖር እንኳ። የግብር ባለሙያ ጋ ልካኝ የቀረውን አስገባሁ፣ ካርዱንም ዓመቱ ሳይዞር ላክሁ።

"ዝም ብዬ ብተወውስ?" ብዬም ጠይቄያት ነበር። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ነዋሪነቱ አብሮ የሚሞት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አይሞትም። ካርዱ ያልቃል፣ የግብሩ ግዴታ ግን እናንተ በጽሑፍ እስክትመልሱት ወይም በሕግ እስኪወሰን ይቀጥላል።

ስለ ትዳር ጠየቀችኝ። ለትዳር ጓደኛ ወይም ለልጅ አመልክታችሁ እየጠበቃችሁ ከሆነ ካርዱን ስትመልሱ ማመልከቻው አብሮ ይወድቃል። እኔ አላመለከትኩም። ያመለከተ ሰው ግን ያንን ድርጅት ቢያገኝ ማን ይነግረው ነበር? ይህ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ካርዱን ለማቆየት በየስድስት ወሩ አሜሪካን ረግጦ መውጣት ይበቃል የሚባለውንም አነሳሁላት። አይበቃም አለች። ኤርፖርት ያለው ሰው ቀን ብቻ አይቆጥርም፣ ኑሮአችሁ የት እንዳለ ነው የሚያየው፣ ቤት፣ ሥራ፣ ግብር። አይ-407 ፈርሙ ቢሏችሁ ግን የመፈረም ግዴታ የለባችሁም፣ ጉዳዬን ዳኛ ይየው ማለት ትችላላችሁ። ካርዱን ማቆየት የምትፈልጉ ተማሪዎች ይህችን ያዙ። ኤስቢ-1 የሚባል የተመላሽ ነዋሪ ቪዛም አለ፣ ግን የቆያችሁት ከአቅማችሁ በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማሳየት አለባችሁ። ትምህርቱ ረዘመብኝ ማለት ብቻውን ያስቸግራል። ለኔ አልሆነም።

መጨረሻ ላይ ቅጹን ትሞላልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። "ለዚህ አትክፈዪኝ፣ ራስሽ ሙዪው፣ እኔ አየዋለሁ" አለች። ሞላሁት፣ አንድ ቦታ አረመችልኝ። ኤምባሲዎች ከ2019 ጀምሮ በአብዛኛው ስለማይቀበሉት ከካርዱ ጋር አሽጌ ክትትል ባለው ፖስታ ቨርሞንት ወዳለው የዩኤስሲአይኤስ (የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት) ማዕከል ላክሁት። ከማሸጌ በፊት የሁሉንም ቅጂ ያዝኩ፣ የፖስታ ደረሰኙንም። ካርዱን የመለስኩበት ቀን የሚረጋገጠው በሱ ነው።

ለድርጅቱ አንድ ኮከብ፣ እሱም ለፍጥነቱ። ለጠበቃዋ አምስት። ካርዱን ለመያዝም ሆነ ለመመለስ ያልወሰናችሁ ካላችሁ ያቺን አንድ ሰዓት አሁኑኑ፣ የፈረንጆቹ ጥር ሳይገባ ውሰዷት።