የአደጋ ጊዜ ካርታ ለትምህርት ቤትና ለሆስፒታል፦ ወሎ ውስጥ የቱ ያዋጣል?

ደሴ ላይ ፎቅ መቁጠር ያከራክራል። ከላይኛው በር የገባ ሰው ምድር ቤት የሚለው፣ ከታች በአስፋልቱ በኩል ለመጣው ሁለተኛ ፎቅ ይሆንበታል። ከተማዋ ጦሳ ተራራ ሥር ተዳፋት ላይ ስለተቀመጠች እንዲህ ያለ ሕንጻ ሞልቷል። እዚያው የሚውል አስተማሪ ወይም ነርስ አይቸገርም። እሳት ሊያጠፋ ወይም የተጎዳ ሰው ሊያወጣ የመጣ ባለሙያ ግን "ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን" ሲባል ከየትኛው በር እንደሚቆጥር አያውቅም። ደረጃ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ደቂቃዎች ያልፋሉ።

ካርታ ልታሠሩ ያሰባችሁ ርዕሳነ መምህራን፣ የወላጅ መምህር ኅብረቶችና የሆስፒታል አስተዳዳሪዎች፣ ከዋጋው በፊት ካርታውን ማን እንደሚያነበው አስቡ። ሰውየው ግቢያችሁን አያውቅም። ከኮምቦልቻ ለእርዳታ ተጠርቶ የሐረጎን ዳገት በጉም የወጣ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ሊሆን ይችላል፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል። በ2014 በጦርነቱ ጊዜም ሆነ በ2015 መጨረሻ ኢንተርኔት ሲዘጋ እንዴት እንደነበርን አንረሳውም። በዚህ ሁኔታ የማይሠራ ካርታ የፈለገውን ያህል ቢያምር ለእኛ አይሆንም።

ብዙ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚያወጣው መደርደሪያ ላይ ያለውን የግንባታ ፕላን ነው። ነፃ ነው፣ ለመነሻም ይጠቅማል። ችግሩ ፕላኑ የሚያሳየው ሊሠራ የታሰበውን እንጂ ዛሬ ያለውን አይደለም። አንዱ ክፍል በኮምፔንሳቶ ተከፍሎ ሁለት ሆኗል። የጀርባው በር በብሎኬት ተደፍኗል። መኪና ይገባበታል በተባለው ቦታ የቆርቆሮ መጋዘን ቆሟል። የተደፈነ በርን መውጫ ብሎ የሚያሳይ ወረቀት ከምንም የባሰ ነው። እንዲሁ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለእሳት አደጋ እንዳትሰጡ።

እኔ የማስቀድመው ባለ ፍርግርግ ካርታ ነው። ሐሳቡ ከወታደሮች የመጣ ነው። ከላይ የተነሳ የግቢው ምስል ላይ የእያንዳንዱ ፎቅ ንድፍ ይቀመጣል፤ ሰሜን ይጠቆማል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር በአራት ማዕዘን ይከፋፈላል። አግድም ፊደል፣ ቁልቁል ቁጥር። ደዋዩ "መ4 ላይ ነን" ካለ፣ ፖሊሱም አምቡላንሱም እሳት አደጋውም አንድ ቦታ ላይ ጣት ያሳርፋሉ። አሜሪካ ውስጥ የኒው ጀርሲ ግዛት በ2022 እ.ኤ.አ. 1,500 ገደማ ትምህርት ቤቶችን እንዲህ ለማስነሳት 6.5 ሚሊዮን ዶላር መድባለች። ለአንድ ትምህርት ቤት በአማካይ 4,300 ዶላር ገደማ ማለት ነው። እኛ ጋ ይህ ገንዘብ የለም፣ ግን አያስፈልግምም። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው። ቅየሳ የሚያውቅ ልጅ ካገኛችሁ ደግሞ ዋናው ወጪ ጊዜና የኤ3 ላሚኔት ይሆናል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ሄዶ መጠየቅ አይከፋም።

ፊደሎቹን ስትመርጡ ተጠንቀቁ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ መደርደር ልማዳችን ነው። በሬዲዮ ወይም በሚቆራረጥ ስልክ ግን ሀ እና ሐ አንድ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንደዚያው። ከእያንዳንዱ ድምፅ አንዱን ብቻ ውሰዱ። ሻጩ ይህን ካላሰበበት ካርታውን በስልክ አንብቦ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት፤ ወዲያው ይገባዋል።

ካርታው ላይ የክፍል ስም ብቻ ከሰፈረ ሥራው ግማሽ ነው። ዋናው የመብራት ቆጣሪ የት ነው? ጄኔሬተሩስ? የኩሽናው ሲሊንደር ከየትኛው ግድግዳ ጀርባ ነው? ኬሚስትሪ ላብ፣ ሮቶ፣ ብረት የተገጠመላቸው መስኮቶች፣ ቦቴ የሚያስገባው በር፣ ሁሌ የሚቆለፈው በርና ቁልፉ የሚገኝበት ቦታ፣ እነዚህ ሁሉ ይጻፉ። ሕንጻውም ሰው በሚጠራው ስም ይጻፍ። ተማሪው "አዲሱ ሕንጻ" የሚለውን ካርታው "ብሎክ 6" ካለው ሁለቱንም አስፍሩ። የፎቁም ነገር እንዲሁ ነው፦ ከላይኛው በር ስንተኛ፣ ከታችኛው በር ስንተኛ።

የስልክና የታብሌት አፕ ትልቁ ጥቅሙ አንድ ቦታ የተስተካከለው ለሁሉም መድረሱ ነው። በወረቀት ግን አሮጌው ቅጂ የሆነ ቦታ መቅረቱ አይቀርም። ይሁን እንጂ "ሰውየው የት እንዳለ ያሳያል" የሚለውን ማስታወቂያ በልኩ ያዙት። ጂፒኤስ ደጅ ላይ ጥሩ ነው። ኮንክሪት ውስጥ ይዛባል፣ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳላችሁም በአስተማማኝ አይነግራችሁም። ክፍያው በዶላር በየዓመቱ ከሆነ ደግሞ የዘንድሮ በጀት ቢችለው እንኳ የሚቀጥለው ላይችለው ይችላል። ሻጩ ሲመጣ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጋችሁ፣ አፑን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። ካርታው ካልመጣ አመስግናችሁ ሸኙት። መሀል ቤት ያለ መፍትሔም አለ። ፍርግርጉ ካርታ መጋጠሚያ ነጥብ (ቦታውን ለጂፒኤስ የሚነግረው ኮኦርዲኔት) ተይዞለት በፒዲኤፍ ከተዘጋጀ እንደ አቬንዛ ባሉ አፖች ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ባለ 3ዲ ስካን ለብዙዎቻችን ቅንጦት ነው። ፋይሉ ከባድ ነው፤ ጭስ ውስጥ ያለ ሰው ምስል ሲያዞር አይቆይም። ሌዘር ያለው ስልክም ቢሆን አጥርቶ የሚያነበው 5 ሜትር ያህል ርቀት ነው፤ ስለዚህ ትልቅ አዳራሽ ያስቸግራል። እንደ ደሴው አይጠየፍ አዳራሽ ላለ ቅርስ ግን ሐሳቤ ሌላ ነው። እዚያ ስካኑ ከአደጋ በኋላ ለጥገና መዝገብ ይሆናል። ውስብስብ ኮሪደር ላለው ትልቅ ሆስፒታልም ለልምምድ ይረዳል፤ ግን ፍርግርጉ ካለቀ በኋላ።

ካርታው የሚሰጠው ለእሳት አደጋ፣ ለፖሊስ፣ ለቀይ መስቀል፣ ለርዕሰ መምህሩና ለጥበቃ ቤቱ ነው። ሌሊት በሩን የሚከፍተው ጥበቃው ስለሆነ አንድ ቅጂ እሱ ጋ ይኑር፣ ማንበብም ይለማመድ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ግን በፍጹም እንዳይለጠፍ። ልጆቻችን የት ክፍል እንደሚቀመጡ የሚያሳይ ወረቀት ነው።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስገቡ። ፋይሉ፣ ሊታረም የሚችለው ዋናው ማለቴ ነው፣ የእናንተ ይሁን። ርክክቡ ከእሳት አደጋ ባለሙያ ጋር በየክፍሉ ተዞሮ፣ ስህተቱ ከታረመ በኋላ ይፈረም። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ አንድ ጊዜ ይታደስ፤ ዋጋውም ከአሁኑ ይጻፍ። ይህን ሦስተኛውን አልፈርምም የሚል ካለ ሌላ ሰው ፈልጉ።