«የኢንፍላሜሽን ፓኬጅ» ለፋይብሮማያልጂያ ሕመምተኛ ያዋጣል?

ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ላብራቶሪ «ሰውነትዎን ሁሉ ያምዎታል? ምክንያቱን ደምዎ ይናገራል» እያለ የሚያስተዋውቀውን ፓኬጅ አሠራሁ። ውስጡ ያለው ሲአርፒና ኢኤስአር (ሁለቱ የኢንፍላሜሽን፣ ማለትም የብግነት መለኪያ ናቸው)፣ አርኤፍና ኤኤንኤ (ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት በሽታ ሲጠረጠር የሚፈለጉ አንቲቦዲዎች፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኖች) እና ሙሉ የደም ቆጠራ ነው። ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያሳምም ሕመም) እንዳለብኝ ሐኪም ከነገረኝ ቆይቷል፤ ስለዚህ የምጽፈው እንደ ታማሚ ነው።

መስተንግዷቸው ላይ አቃቂር አላወጣም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ወረፋ የለም፣ ደም የቀዳችልኝ ልጅ እጇ ቀላል ነው። ውጤቱንም በቴሌግራም ላኩልኝ።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ኖርማል ወጣ። አንዱ ሠራተኛ ደወለና «እንኳን ደስ አለዎት፣ ምንም ብግነት የለም፣ ጭንቀት ይሆናል» አለኝ። ኧረ ተው! በፋይብሮማያልጂያ ሲአርፒና ኢኤስአር አብዛኛውን ጊዜ ኖርማል ነው የሚሆኑት፣ ይሄ የታወቀ ነገር ነው። ሲአርፒ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ኢንፌክሽን ወይም እንደ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለ መገጣጠሚያን የሚያስቆጣ በሽታ ሲነሳ አይኤል-6 የሚባለው ንጥረ ነገር ጉበትን ይቀሰቅሰውና ሲአርፒ ሽቅብ ይወጣል። ኢኤስአር ደግሞ ቀይ የደም ሴሎች ቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደወረዱ ይለካል፤ ደም ማነስም፣ እርግዝናም፣ ዕድሜም ከፍ ያደርገዋል። የኛ ሕመም ዋናው ጣጣ ግን ያለው ነርቭ፣ ኅብለ ሰረሰርና አንጎል ላይ ነው፤ ድምፁ እስከ መጨረሻ እንደተከፈተ ሬዲዮ ትንሹን ንክኪ ሁሉ አግንኖ ያሰማል።

ብግነት ጭራሽ የለበትም ማለቴ አይደለም። አይኤል-6 እና መሰሉ አይኤል-8 ከፍ ብለው ያገኙ ጥናቶች አሉ፣ ያላገኙም አሉ። ሲአርፒ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲገኝም የሰውነት ክብደት የራሱ ድርሻ አለው። በ2021 የወጣ የእንግሊዝና የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ከታማሚዎች ደም የተወሰደ አንቲቦዲ አይጦች ሲወጉ አይጦቹ ለጫና እና ለቅዝቃዜ በጣም ስሱ እንደሆኑ አሳይቷል፣ ይሄ እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ፣ ምክንያቱም «በጭንቅላትሽ ነው» ለሚሉን ሰዎች ጥሩ መልስ ነው። ግን በዚህ ፓኬጅ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ይህን አይለኩም። ሐኪም ፋይብሮማያልጂያ ነው የሚለው ቢያንስ ሦስት ወር የቆየ፣ በብዙ የሰውነት ክፍል የተዳረሰ ሕመምን፣ ድካምን፣ እንቅልፍንና የሐሳብ መደናገርን ጠይቆ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ ባከነ? ሙሉ በሙሉ አይደለም። ሌላ በሽታ አለመደበቁን ለማየት መጀመሪያ ላይ አንዴ መመርመር ጥሩ ነው። ግን አርኤፍ እና ኤኤንኤ መገጣጠሚያ ሳያብጥ፣ ሌላ ምልክት ሳይኖር እንዲሁ ሲሠሩ ብዙም አይጠቅሙም፤ ጤነኛ ሰው ላይም ዝቅ ያለ ፖዘቲቭ ሊወጡ ይችላሉ፣ ከዚያ በከንቱ እንቅልፍ ማጣት ነው። በአንጻሩ እንዲህ ያለ የሰውነት ሕመምና ድካም የሚያመጣው የታይሮይድ ማነስ ፓኬጁ ውስጥ የለም! ይሄን እንዴት ይረሱታል?

«በየሦስት ወሩ በቅናሽ ክትትል» የሚሉትን ደግሞ እለፉት። ሕመሙ ሲብስ ቁጥሩ አይንቀሳቀስም። ያንን ብር በእግር ለመንቀሳቀስ፣ ለዋና ወይም ለጂም አውጡት፤ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር ለዚህ ሕመም በጠንካራ ድምፅ የመከረው ስፖርትን ብቻ ነው። ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥም እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም።

ለመስተንግዶው ከአምስት አምስት፣ ለፓኬጁ ከአምስት ሁለት። የምትሄዱ ከሆነ ሲአርፒ፣ ኢኤስአር፣ የደም ቆጠራና ታይሮይድ ብቻ ጠይቁ። ካሸሯ «ፓኬጁ አይነጣጠልም» ትላችኋለች፤ የሐኪም ወረቀት ስታሳዩ ግን ይነጣጠላል።