ደንገጎ ላይ የተፈተነ ኮምፒውተር፦ ሞተር ከቀየርኩ ከስምንት ወር በኋላ

ሰው ሁሉ ቪትዝ ይላታል እንጂ መኪናዬ ያሪስ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት። ይዛው የመጣችው 1.3 ሊትሩ ቱ ኤንዜድ ሞተር ዘይት መብላት ሲጀምር፣ ከማደስ ይልቅ 1.5 ሊትሩን ዋን ኤንዜድ አስገባሁ። ሁለቱ ወንድማማች ናቸው። የሲሊንደራቸው ስፋት እኩል 75 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚለያዩት በፒስተኑ ጉዞ ነው፤ የትንሹ 73.5፣ የትልቁ 84.7 ሚሊ ሜትር። ሞተሩ በድሮው ማሰሪያ ላይ ቁጭ አለ፤ ሶኬቶቹም ገጠሙ። ሁሉም ነገር ስለገጠመ የሞተሩን ነዳጅና እሳት የሚያዘውን ሣጥን፣ ኮምፒውተሩን፣ ያስታወሰ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ድሬዳዋ ውስጥ ከሳቢያን እስከ ከዚራ ስነዳት ምንም አልጎደላትም። ሚኒሞዋ (ቆማ ነዳጅ ሳይረገጥ ያለው አዟዟሯ) ጸጥ ያለ፣ አነሳሷም ከድሮው የተሻለ ነበር። ሦስት ቀን በደስታ ነዳኋት። በአራተኛው ቀን ወደ ሐረር ስወጣ፣ የደንገጎ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስሰጣት፣ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚያናውጡ የሚመስል ድምፅ ከሞተሩ መጣ። እግሬን ሳነሳ ይጠፋል፤ ስረግጥ ይመለሳል። ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አለፈኝ፤ ዕቃ የጫነ አይሱዙ!

ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ሜዳ ላይ ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው ኮምፒውተሩ በጭስ ማውጫው ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር እያየ ነዳጁን ያስተካክላል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ይሸፈናል። ዳገት ላይ ሙሉ ለሙሉ ሲረገጥ ግን ያንን ሴንሰር ትቶ በውስጡ ወደተጻፈው ሠንጠረዥ ይሄዳል። የእኔ ሠንጠረዥ ደግሞ የተጻፈው ለ1.3 ሊትር ሞተር ነው። ትልቁ ሞተር በአንድ ዙር የሚስበው አየር ከሠንጠረዡ ጫፍ ያልፋል፤ የሻማው እሳት የሚነሣበት ሰዓትም ይዛባል። የሞተሩን መንኳኳት፣ ያን የጠጠር ድምፅ፣ የሚሰማው ሴንሰር ሞተሩን ለማዳን እሳቱን ያዘገያል፤ ያን ጊዜ ጉልበት ይጠፋል።

መፍትሔው የ1.5 ሊትር፣ የእጅ ማርሽ ያሪስ ኮምፒውተር መፈለግ ነበር። ተለጣፊው ላይ በ89661 የሚጀምር ቁጥር አለው፤ የቀረው አኃዝ ካልተመሳከረ ሣጥኖቹ መልካቸው አንድ ስለሆነ መሳሳት ቀላል ነው። ያገለገለ አግኝቼ ስሰካው ሞተሩ ለአንድ ሰከንድ ተነሥቶ ጠፋ። የቁልፏ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የሌላ መኪና ቁልፍ ነው፤ የእኔን እንደ ሌባ ቆጠረው።

የሠራልኝ ልጅ በዕድሜ ልጄ ይሆናል፤ ግን ድሬ አንቱታ ስለማታውቅ «አንተ፣ የድሮውን ሣጥን ጣልከው እንዴ?» ነበር የመጀመሪያ ጥያቄው። አልጣልኩም ነበር። ሁለቱንም ከፈታቸው። ከየሰሌዳቸው ላይ የምስር ክክ የምታክል፣ ስምንት እግር ያላት ቺፕ በሙቅ አየር አነሣ፤ የቁልፉ መለያ የሚቀመጠው እሷ ላይ ነው። ከድሮዋ አንብቦ ወደ አዲሷ ጻፈ፤ መልሶም በየዳቸው። ከሻይ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ሁለቱም ቁልፎቼ ሠሩ። የከፈልኩት ሞተሩን ከገዛሁበት ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሞላም፤ ነገር ግን መኪናዋን የቀየራት ከሞተሩ ይልቅ ይኸኛው ሥራ ነው ባይ ነኝ።

በማግስቱ ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁት። ድምፅ የለም። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ ግን 1,200 ገደማ ነው። የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር መጠኑን በክብደት ስለሚያሰላ ለከፍታው ልዩነት የተለየ ማስተካከያ አላስፈለገም። ነዳጁን እስከ አፍ እየሞላሁ ደርሶ መልሱን ደጋግሜ ለክቻለሁ፤ በ100 ኪሎ ሜትር ከ8.3 ሊትር ወደ 7.2 ወርዷል። በትልቅ ሞተር አነስተኛ ቤንዚን ማለት ነው፤ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ አላመነኝም።

እንከን አልነበረም ማለት አይደለም። በሦስተኛው ወር፣ በዚያ በሚያቃጥለው ሰሞን፣ ከዚራ ፀሐይ ላይ አቁሜያት ስመለስ የቁልፉ መብራት አልጠፋም፤ አልነሣም አለች። ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ገፍተን አስገብተናት፣ ስትቀዘቅዝ እንደ ምንም ተነሣች። ይህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ተደገመ። ጥፋቱ የቺፗ አንድ እግር በደንብ አለመበየዱ ነበር፤ ሙቀት ሲለጥጠው ይላቀቃል። ልጁ ያለ ክፍያ በየዳት፤ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ቢሆንም በሥራው ቀን በማጉያ መነጽር ቢያያት ኖሮ ያን ሁሉ መግፋት አልገፋም ነበር።

ከቴክኒኩ በላይ ያደከመኝ ወረቀቱ ነው። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይመሳሰል፣ የሞተሩን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሻጩ ሳትቀበሉ ብር አትቁጠሩ። እኔ ብሩን ከቆጠርኩ በኋላ ወረቀቱን ለማግኘት ሁለት ወር ተመላልሻለሁ።

የድሮው ኮምፒውተር በላስቲክ ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ሁለት ሰዎች እንድሸጥላቸው ጠይቀውኛል፤ የቁልፌ መለያ አሁንም ውስጡ ስላለ አልሸጥኩትም።