ሊኑክስ 4.19፦ ወረፋው ላይ የተበላሸው ከርነል

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 2018 የወጣው ሊኑክስ 4.19 ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የተመደበ እትም በመሆኑ፣ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ብዙም ሳያመነታ የሚጭነው ዓይነት ከርነል (የኮምፒውተሩን መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት) ነበር። ከ4.19.8 በፊት ያሉትን እትሞች ግን ለማንም አልመክርም፤ ምክንያቱም ወደ ዲስክ የሚላኩ የማንበብና የመጻፍ ጥያቄዎችን ተራ በሚያስይዘው ክፍል ውስጥ የገባ አንድ ማሻሻያ የተቀመጠን መረጃ ሊያበላሽ ይችል ነበር።

ማሻሻያው የታሰበው ለፍጥነት ነው። ተራ አስያዥ ያልተመረጠለት ዲስክ ከሆነ ጥያቄው ወረፋ ሳይዝ በቀጥታ ለድራይቨሩ (ዲስኩን ለሚያሠራው ፕሮግራም) ይሰጣል፤ ድራይቨሩም መረጃው በሚሞሪ ውስጥ የት የት እንደሚገኝ ዝርዝር ያዘጋጅለታል። መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ሥራ ከበዛበት ጥያቄው ተመልሶ ወረፋ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ጎረቤት ጥያቄ ሊቀላቀልበት ይችላል፤ ዝርዝሩ ግን አስቀድሞ ስለተሠራ የተቀላቀለውን አያካትትም። ገጹ ተቆጥሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ መዝገብ ቤት ከተመለሰ በኋላ ሌላ ወረቀት ተያይዞበት፣ የገጽ ቁጥሩ ሳይስተካከል ወደ ቢሮ እንደ መግባቱ ነው።

ችግሩ የሚከሰተው መሣሪያው ሲጨናነቅ ብቻ ስለነበር በሙከራ ለመያዝ አስቸጋሪ ሆነ፤ ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚቀመጡበትን ሥርዓት የሚመራው ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሲስተምም ያለ ጥፋቱ መጀመሪያ ተጠረጠረ። እውነተኛው መንስኤ ሲታወቅ የዚህ የከርነል ክፍል ኃላፊ የንስ አክስቦ ያዘጋጀው ማስተካከያ ዲሴምበር 8 በወጣው 4.19.8 ውስጥ ተካተተ።

እስከዚያው የነበረው መከላከያ ቀላል ነበር። በዲስኩ ማውጫ ሥር ያለው «ስኬጁለር» (ተራ አስያዥ) የተባለ ፋይል ሲከፈት የተራ አስያዥ አማራጮቹ ስም በአንድ መስመር ተደርድሮ ይታያል፤ በማዕዘን ቅንፍ ([ ]) የታቀፈው በሥራ ላይ ያለው ነው። ቅንፉ ውስጥ ያለው «ነን» (ምንም ያልተመረጠ) ከሆነ «ኤምኪው-ዴድላይን» ወደተባለው ተራ አስያዥ መቀየር አደጋውን ያስወግድ ነበር፤ በእኔ ግምት በዚህ የሚታጣው ፍጥነት ለመረጃ ደኅንነት ሲባል የሚያስቆጭ አይደለም።

ከማስተካከያው በኋላ ያለውን 4.19 ግን አልነቅፍም፤ ዴቢያን 10 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት የቆመው በእሱ ላይ ነበር፣ ድጋፉም እስከ ዲሴምበር 2024 ዘልቋል። ይሁን እንጂ አዲሱን እትም መጫን አስቀድሞ የተበላሸን ፋይል ስለማይመልስ፣ በእነዚያ ሳምንታት የተወሰደ ባክአፕ ያለው ሰው ከዚያ በፊት ከተወሰደው ጋር ሳያመሳክር ሊተማመንበት አይገባም።